እግዚአብሔርን እየጠበቅን ሐኪም ጋ መሄድ አለመታመን ነው?

ጥያቄ

ለዓምዱ አዘጋጅ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

36 ዓመቴ ነው። ባለቤቴ 41 ሞልቶታል። ከተጋባን ስምንት ዓመት ሆነን፤ ልጅ የለንም። ሁለታችንም ክርስቲያኖች ነን። አብረን እንጸልያለን፣ አብረን እናገለግላለን። ባለቤቴ መልካም ሰው ነው። ይህን ያስቀደምኩት ቀጥሎ የምጽፈው ክስ እንዳይመስልብኝ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት በአንድ የጸሎት ፕሮግራም ላይ አገልጋዩ ወደ እኛ መጣና «በሚመጣው ዓመት በዚህ ጊዜ ልጅ ታቅፋላችሁ» አለን። ሁለታችንም አለቀስን። በማግስቱ ለማንም ሳልናገር ቢጫ የሕፃን ካልሲ ገዛሁ። ወንድ ይሁን ሴት ስለማላውቅ ነው ቢጫ የመረጥኩት። ዓመቱ አለፈ። ምንም የለም። ካልሲዋ እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ፣ ከሹራቦቼ ሥር አለች። ባለቤቴ አያውቅም።

ሐኪም ጋ እንሂድ ስለው «እግዚአብሔር ከተናገረ በኋላ ሐኪም ጋ መሮጥ ቃሉን መጠራጠር ነው። ሣራም ቸኩላ ነው አጋርን ያመጣችው» ይለኛል። መልስ አጣለሁ። ከአራት ወር በፊት ግን የሥራ ጉዳይ አለኝ ብዬ ብቻዬን ሄድኩ። ሐኪሟ በመጀመሪያው ምርመራ በእኔ በኩል ጎልቶ የሚታይ ችግር እንዳላገኘች ነገረችኝ። «ለቀጣዩ ባለቤትሽን ይዘሽው ነይ» አለችኝ። የውጤቱን ወረቀት ካልሲዋ አጠገብ አስቀመጥኩት። እስካሁን አልነገርኩትም።

ጓደኞቼ ልጆቻቸውን በቤተ ክርስቲያን ሲያስባርኩ ራሴን አመመኝ ብዬ እቀራለሁ። ሁሉም «የእግዚአብሔር ጊዜ ገና ነው፣ ታገሺ» ይሉኛል። አምናለሁ። ግን አሁን አሁን ይህን ቃል ስሰማ ጥርሴን እነክሳለሁ።

ሐኪም ጋ መሄዴ አለመታመን ነበር? ባለቤቴን እንዴት ልንገረው? የእግዚአብሔርን ጊዜ መጠበቅስ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው?

መጠበቅ የደከማት

መልስ

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቴም እዚያች ካልሲ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከሹራብ ሥር። ሲበርድሽ ሹራብ ልታወጪ ስትይ ስንት ጊዜ እጅሽ ነክቷት ይሆን?

መጀመሪያ አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። ይህን ሥራ የጀመርኩ ሰሞን፣ እንዳንቺ ልጅ የምትጠብቅ ሴት አጠገቤ ተቀምጣ አለቀሰች። እኔም ፈጠን ብዬ «አይዞሽ፣ የእግዚአብሔር ጊዜ አይዘገይም» አልኳት። ዓይኗን ጠረገች። «እሺ» አለች። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ተመልሳ አልመጣችም። ያልኳት ነገር ውሸት አልነበረም። ግን ያልኩት ለእሷ ብዬ ሳይሆን ለራሴ ብዬ ነው፤ ለቅሶዋ ስላስጨነቀኝ ቶሎ እንዲያበቃልኝ ፈልጌ። «ታገሺ» ከሚሉሽ ሰዎችም ብዙዎቹ እንደዚያ ይመስሉኛል። ክፋት የለባቸውም። ዝም ብሎ አብሮ መቀመጡ ከብዷቸው ነው። ስለዚህ ጥርስሽን የምትነክሺው እምነትሽ ስለተሸረሸረ አይምሰልሽ።

ወደ ጥያቄሽ ልግባ። ሐኪም ጋ መሄድሽ አለመታመን አልነበረም። ይህን ሳላመነታ ነው የምልሽ። መደበቅሽ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ባለቤትሽ «እግዚአብሔር ከተናገረ በኋላ» የሚለው ነገር ያከበድኩት ነገር ነው፤ በቀላሉ የሚጣል ሐሳብ አይደለም። ስለዚህ ከእሱው መንገድ ልሂድ። ንጉሥ ሕዝቅያስ ታሞ ሊሞት ሲል ወደ ግድግዳው ዞሮ አለቀሰ፣ ጸለየ። ነቢዩ ኢሳይያስ ገና ብዙ ሳይርቅ ቃል መጣለት፤ ተመለስና ጸሎትህን ሰምቻለሁ፣ እፈውስሃለሁ፣ 15 ዓመት እጨምርልሃለሁ በለው ተባለ። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ቃል የለም። ቁጥር ሳይቀር አለው። ከዚያስ? ያው ኢሳይያስ፣ ቃሉን ያመጣው ሰው ራሱ፣ የበለስ ጥፍጥፍ አምጡ አለ። እባጩ ላይ አደረጉለት፣ ዳነ። 2ኛ ነገሥት 20 ላይ አለ። «እፈውስሃለሁ» እና «በለስ አምጡ» የሚሉት ቃሎች አንድ ገጽ ላይ ናቸው። ንጉሡም «ቃል ከተሰጠኝ በለሱ ለምኔ?» አላለም። ይህን ክፍል ባለቤትሽ ሳያነበው አይቀርም። ከእናንተ ጉዳይ ጋር አገናኝቶ ግን ያነበበው አይመስለኝም።

ስለ ሣራም ትንሽ ልከራከርላት። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ለማለት ስንፈልግ ሁሌ እሷን ነው የምንጠራው። አብራም ከካራን ሲወጣ 75 ዓመቱ ነበር። እስማኤል ሲወለድ 86። ይስሐቅ ሲወለድ 100። ሣራ አገልጋይዋን አጋርን ለባሏ የሰጠችው ተስፋው ከመጣ ከአሥር ዓመት በኋላ ነው፤ አሥር ዓመት ጠብቆ መድከም ችኮላ ከተባለ እኔ ዕድሜ ልኬን ቸኩያለሁ። በዚያ ላይ እናትየዋ ሣራ ራሷ እንደምትሆን በስሟ ተጠርቶ የተነገረው በኋላ፣ አብርሃም 99 ዓመት ሲሆነው ነው። (ያን ቀን መጀመሪያ የሳቀው እሱ መሆኑንም ሰው ይረሳዋል። ዘፍጥረት 17ን እይው።) ስህተቷ መፍትሔ መፈለጓ አይመስለኝም። ምርጫ የሌላትን ሌላ ሴት የመፍትሔ ዕቃ ማድረጓ ነው። ዋጋውንም በረሃ ወርዳ የከፈለችው አጋር ናት። አንቺ ደግሞ ያደረግሽው ምንድን ነው? እግዚአብሔር የሰጠሽን ሰውነት ደኅና ነው ወይ ብለሽ ጠየቅሽ። ይኼ ከአጋር ታሪክ ጋር ምን ያገናኘዋል?

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ወደዚያ አገልጋይ ቃል።

አንድ ልጠይቅሽ። ያ ዓመት ያለቀ ቀን ቤታችሁ ምን ሆነ? ቀኑን ሁለታችሁም ታውቁት ነበር። አብራችሁ አለቀሳችሁ? ወይስ እሱም አንቺም እንዳላየ ሆናችሁ አሳለፋችሁት? ደብዳቤሽ ላይ «ዓመቱ አለፈ። ምንም የለም» ብለሽ ነው ያለፍሽው። እጠረጥራለሁ፤ በቤታችሁም እንዲሁ ነው የታለፈው። ባለቤትሽ ቃሉን እንዲህ አጥብቆ የያዘው ምናልባት አንድም ቀን ጮክ ብሎ «አልሆነም» ስላላለ ነው። ያላለቀሱለት ነገር ደግሞ እጅ ላይ ይጣበቃል።

በኤርምያስ ዘመን ተመሳሳይ ነገር ነበር። ሕዝቡ ተማርኮ ባቢሎን ወርዷል። ሐናንያ የሚባል ነቢይ ተነሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ይመለሳል አለ። ሕዝቡ ምንኛ ደስ ብሎት ይሆን! የሚገርመኝ የኤርምያስ መልስ ነው። «አሜን፣ እግዚአብሔር እንዲህ ያድርግ» አለ። እሱም ይፈልገው ነበራ። ግን የሰላም ነቢይ የሚታወቀው ቃሉ ሲፈጸም ነው ብሎ ጨመረበት። ሁለት ዓመት የተባለው 70 ሆነ። ያ ሁላችንም የምንወደው፣ «ፍጻሜና ተስፋ» የሚለው የኤርምያስ 29 ቃል የተጻፈው እንግዲህ ለእነዚህ ሰዎች ነው፤ አጭር ቀን ተነግሯቸው ለነበሩ፣ ገና ብዙ ለሚጠብቁ። ከዚያ ቃል ከፍ ብሎ ምን እንደተጻፈ ታስታውሻለሽ? ቤት ሥሩ። አትክልት ተክሉ፣ ፍሬውንም ብሉ። አግቡ። ሻንጣችሁን አስራችሁ በር ላይ ተቀመጡ አልተባሉም።

አገልጋዩን ሐሰተኛ ነቢይ ነው እያልኩሽ አይደለም። ሰውየውን አላውቀውም። በቅን ልብ፣ በእናንተ ሐዘን ተነክቶ ተናግሮ ይሆናል። የምልሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የተናገረው ቀን አልፏል፣ ማለፉን መናገር ኃጢአት አይደለም። እግዚአብሔር የተናገረው ሌላ፣ ሰው በእግዚአብሔር ስም የቆረጠው ቀጠሮ ሌላ። ቀጠሮው ስለከሸፈ እግዚአብሔር አልከሸፈም። እምነታችሁ ምን ያህል እንደሆነ በዚያ ቀን አይለካም።

«መጠበቅስ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው?» ብለሻል። ስለዚህች ቃል ሳስብ ሰነበትኩ። በእኛ አፍ «ጠበቀ» ሁለት ነገር ነው። አንድም የሚመጣን ነገር ጠበቀ፣ አንድም ያለውን ነገር ጠበቀ። የሌሊት ጠባቂ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ነው የሚያደርገው። ንጋቱን ይጠብቃል፤ ንጋቱን ሊያፈጥነው ግን አይችልም። እስኪነጋ ደግሞ ግቢውን ይጠብቃል። ይዞራል፣ በሩን ይነካካል፣ ድምፅ ሲሰማ ብድግ ይላል። ንጋቱን ብቻ እያየ ግቢውን የረሳ ጠባቂ ጠባቂ አይባልም።

እናንተ ስምንት ዓመት ሙሉ ንጋቱን ጠብቃችኋል። ግቢውንስ? ሰውነታችሁን ማን ጠበቀው? ትዳራችሁንስ? አንዲት ሚስት ከባሏ ካልሲ ስትደብቅ፣ ወረቀት ስትደብቅ፣ «የሥራ ጉዳይ ነው» ስትል፣ ከግቢው አንድ አጥር እየተነቃነቀ ነው። ይህን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም። አንቺም ስለገባሽ ነው የጻፍሽልኝ።

እስቲ ስለ ባለቤትሽ እናውራ። በመጽሐፍ ቅዱስ ልጅ ያጡ ሴቶችን ታሪክ ስናነብ ሁልጊዜ ሴቶቹን ነው የምናየው። አንድ ቀን ባሎቹን ማየት ጀመርኩ። ያዕቆብ ራሔል ልጅ ስጠኝ ስትለው ተቆጣ፤ እኔ በእግዚአብሔር ቦታ ነኝ ወይ አላት። እውነቱን ነው፤ ግን እንዲህ ይባላል? ሕልቃና ደግሞ ሐናን ይወዳታል፤ ስታለቅስ ሲያይ «እኔ ከአሥር ልጆች አልሻልልሽም?» ይላታል። ደግ ሰው ነው። ግን ስለ እሷ ሐዘን ተጀምሮ የነበረው ወሬ በአንድ ጥያቄ ስለ እሱ ሆነ። ሐና አልመለሰችለትም፤ ተነሥታ ልትጸልይ ሄደች። ይስሐቅን ግን እይው። ርብቃን ሲያገባ 40 ዓመቱ ነበር፤ መንትዮቹ ሲወለዱ 60። ሃያ ዓመት። ስለዚያ ሁሉ ጊዜ የተጻፈልን ጥቂት ነው፤ ስለ ሚስቱ ወደ እግዚአብሔር ጸለየ ይላል። ስለ ሚስቱ።

ባለቤትሽ የትኛው ነው? እኔ ሕልቃና ይመስለኛል። ይወድሻል፤ ሐዘንሽ ግን ያስፈራዋል። ሌላም ነገር ሊኖር ይችላል፣ ተሳስቼ ከሆነ እለፊው። ምናልባት የሚፈራው ቃሉን መጠራጠር ብቻ አይደለም። ምናልባት «ችግሩ እኔ ጋ ቢሆንስ?» የሚል ፍርሃት አለ። ይህን ፍርሃት ለሚስቱ የሚናገር ወንድ ብዙ አላየሁም። በመንፈሳዊ ቃል ሸፍኖ ማስቀመጡ ይቀላል። አንቺ «ከእኔ በኩል ምንም የለም» የሚል ወረቀት ይዘሽ ብትገቢበት ምን እንደሚሰማው አስቢ። ለአንቺ እፎይታ የሆነው ወረቀት ለእሱ የፍርድ ወረቀት ሊሆንበት ይችላል።

ስለዚህ ሕክምናው ላይ ከእሱ ጋር ከመነጋገርሽ በፊት ልታውቂያቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮች አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ችግር አለ የሚለው ጥንዶች ያለ መከላከያ 12 ወርና ከዚያ በላይ ሞክረው እርግዝና ሳይመጣ ሲቀር ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት፣ በዓለም ላይ ከ6 ሰው አንዱ ገደማ በሕይወቱ ውስጥ ይህ ይገጥመዋል። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን ስትቀመጡ አጠገባችሁ ስንት ዝም ያለ ሰው እንዳለ ገምቺ። ሴቷ 35 ካለፈች ሐኪሞች ዓመት ሙሉ አትጠብቁ፣ 6 ወር ካለፈ ኑ ይላሉ፤ ከዚያ ዕድሜ በኋላ የእንቁላል ቁጥርም ጥራትም ፈጠን ብሎ ስለሚቀንስ። አንቺ 36 ነሽ። ላስፈራራሽ አይደለም፤ ግን ይህ እውነት ሳይነገርሽ «ታገሺ» ብቻ መባልሽ ልክ አይደለም።

በወንድ በኩል ያለ ምክንያት፣ ብቻውንም ሆነ ከሴቷ ጋር ተደምሮ፣ ግማሽ በሚጠጉት ጥንዶች ላይ ይገኛል። ምርመራው ደግሞ ከአንቺው በጣም ይቀላል። መርፌ የለው፣ መተኛት የለው። ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ተቆጥቦ ናሙና መስጠት ነው። የመጀመሪያው ውጤት ደከም ያለ ቢሆን እንኳ ብዙ ጊዜ ከወራት በኋላ ይደገማል፤ የወንድ ዘር ተሠርቶ እስኪወጣ ሁለት ወር ተኩል፣ ሦስት ወር ገደማ ስለሚወስድ። ከሚገኙት ምክንያቶች በመድኃኒት ወይም በትንሽ ቀዶ ሕክምና የሚስተካከሉ አሉ። አንዳንዴም ምንም ምክንያት አይገኝም። የአንቺም የመጀመሪያ ምርመራ ነው፤ ሁሉን ነገር አይቷል ማለት አይደለም። ስለዚህ ወረቀቱ «አንቺ ንጹሕ፣ እሱ ጥፋተኛ» የሚል አድርገሽ አትያዢው። አይልም።

ከምርመራ ቀጥሎ ስላሉት ሕክምናዎች ደግሞ ክርስቲያኖች የተለያየ አቋም አላቸው። አንዳንዱን የምትቀበሉት፣ አንዳንዱን ሕሊናችሁ የማይፈቅደው ሊሆን ይችላል። ይህን ዛሬ መወሰን የለባችሁም። ለባለቤትሽ ይህን ብትነግሪው ያቀልለታል ብዬ አስባለሁ፤ መመርመር ማለት ለሁሉም ነገር እሺ ማለት አይደለም። ማወቅ ብቻ ነው።

እሺ፣ እንዴት ትነግሪዋለሽ?

ሲመሽ፣ ሁለታችሁም ደክሟችሁ፣ አንዱ ስልኩ ላይ ባፈጠጠበት ሰዓት አትጀምሪው። ከጸሎት በኋላም አይሁን፤ ጸሎቱ ለዚህ መንደርደሪያ የነበረ ይመስልበታል። ያልተጣደፋችሁበትን ቀን ምረጪ። በወረቀቱም አትጀምሪ። በመደበቅሽ ጀምሪ። እንዲህ ማለት ትችያለሽ፤ «ከአንተ የደበቅኩት ነገር አለ፤ መደበቄ ከብዶኛል። ሐኪም ጋ ብቻዬን ሄጄ ነበር። ይቅር በለኝ። የሄድኩት አንተን ስላላመንኩ አይደለም፣ እግዚአብሔርንም ትቼ አይደለም። ብቻዬን መሸከም ስላቃተኝ ነው።» ይቅርታ የምትጠይቂው ለመሄድሽ ሳይሆን ለመደበቅሽ መሆኑን ለይተሽ ያዥው። ሁለቱ ከተቀላቀሉ፣ በኋላ «ራስሽ ጥፋት ነው ብለሻል» ይባላል።

ከዚያ ዝም በይ። ይቆጣ ይሆናል። «ዋሽተሽኛል» ሊል ይችላል፤ ደግሞም እውነቱን ነው። አትከላከዪ። ሲበርድለት ግን አንድ ጥያቄ ጠይቂው። «ሐኪም ጋ ብንሄድ ምን ይባላል ብለህ ነው የምትፈራው?» መልሱን ለማስተካከል አትቸኩዪ። ሰምተሽው ብቻ እደሪ። ሕዝቅያስን በዚያው ምሽት አትክፈችበት፤ ለሌላ ቀን ይቆይ፣ እሱም «አብረን እናንብበው?» በሚል ይሁን። ያመነበትን ነገር በጥቅስ አሸንፈሽ ሐኪም ቤት ብትወስጂው፣ አካሉ እንጂ ልቡ አይመጣም።

እምቢ ካለስ? አንድ ሁለታችሁም የምታከብሩት፣ ሐኪምንም ጸሎትንም የማይንቅ አገልጋይ ፈልጉና ሦስት ሆናችሁ ተቀመጡ። ቀንም ቁረጡለት። «እስቲ እናያለን» የሚባል ነገር ስንት ዓመት እንደሚፈጅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ሦስት ወር በሉ፣ ቀኑን ጻፉት። በዚህ መሐል የራስሽን ክትትል አታቋርጪ፤ አሁን ግን እያወቀ ይሁን። አስገድደሽ ልትወስጂው አትችዪም፣ ልታስገድጂውም አይገባም። የራስሽን ሰውነት መጠበቅ ግን ያንቺ ድርሻ ነው።

ጸሎትሽን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ደብዳቤሽ በጣም ጨዋ ነው። ባለቤትሽን ትከላከያለሽ፣ ጓደኞችሽን ትከላከያለሽ። እግዚአብሔርንም የምትከላከዪ ይመስለኛል። ለእሱ ለራሱ ተናግረሽው ታውቂያለሽ? 13ኛውን መዝሙር (በአንዳንድ መጽሐፍ ቅዱስ 12 ተብሎ ይገኛል) አንብቢው። ገና ሲጀምር አራት ጊዜ «እስከ መቼ» ይላል። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ብሎ ነው የሚነሣው። ይህን የሚል ሰው ካመነው አምላክ ጋር እየተሟገተ ነው፤ ካላመነ ማንን ነው የሚጠይቀው? ማርታና ማርያምም ጌታ ዘግይቶ ሲመጣ፣ ወንድማቸው ከተቀበረ አራት ቀን ሆኖት፣ ሁለቱም ተራ በተራ አንድ ነገር ነው ያሉት፤ አንተ በዚህ ኖረህ ብትሆን ወንድሜ ባልሞተም ነበር። «ለምን ዘገየህ» ማለታቸው ነው በጨዋ አነጋገር። ዝም በሉ አላላቸውም። ምን ሊያደርግ እንደሆነ እያወቀ፣ ቆሞ አለቀሰ።

ሐናንም ካነሣን ዘንድ፣ የምወድላት አንድ ነገር አለ። ካህኑ ዔሊ ሰክረሻል አላት። መንፈሳዊ መሪ ነው፣ ፍጹም ተሳስቶ ነው ያነበባት። እሷም በትሕትና፣ ግን ሳትፈራ፣ አይደለም ጌታዬ ብላ አረመችው። ከዚያ ሄደች፣ በላች፣ ፊቷም ከዚያ ወዲያ አላዘነም ይላል። ልብ በይ፣ ገና አልፀነሰችም። ምንም አልተለወጠም። የሆዷን አውጥታ ተናግራለች፣ በቃ።

የጓደኞችሽ ልጆች ሲባረኩ ስለመቅረትሽ ደግሞ፣ ራሴን አመመኝ ማለቱን ተዪው እንጂ መቅረቱ አያሳፍርም። ለቅርቧ ጓደኛሽ «ደስ ብሎኛል፤ ግን ያን ቀን እዚያ መቆም አልችልም፣ በሌላ ቀን መጥቼ እስመዋለሁ» በያት። ደስ ከሚላቸው ጋር ደስ ይበላችሁ የሚለው ጥቅስ ከሚያለቅሱም ጋር አልቅሱ ይላል። እሷም የበኩሏን ታድርግ።

አሁን ልጽፈው የከበደኝን ልጻፍ። ልጅ ትወልጃለሽ ብዬ ልነግርሽ አልችልም። አንድ ሰው አንድ ጊዜ እንዲህ ብሎሽ ሦስት ዓመት ከፍለሽበታል። በመጽሐፍ ቅዱስ የምናነባቸው እነዚያ ሴቶች ሁሉ በመጨረሻ ወለዱ፤ እኔም እነሱን ብቻ ስጠቅስልሽ ሌላ ቀጠሮ የቆረጥኩልሽ እንዳይመስልሽ። ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲወሰድለት ሦስት ጊዜ ለመነ፤ የተሰጠው መልስ የለመነው አልነበረም፤ «ጸጋዬ ይበቃሃል» ነው የተባለው። እኔ ራሴ 11 ዓመት የጸለይኩበት ነገር አለ። አልሆነም። አሁን ጊዜውም አልፏል። «ነገርን ሁሉ በጊዜው ውብ አድርጎ ሠራው» የሚለውን ቃል አሁንም አምነዋለሁ፤ ያኔ ግን እኔ በፈለግኩት ነገር ላይ ቀን እንደተጻፈለት አድርጌ ነበር የማነበው። የዛሬው ንባቤ ከዚያ ቀስ ያለ ነው። ይህን ላንቺ ሙሉ በሙሉ ማስረዳት ባልችል አትቀየሚኝ። የሌላ ሰው ልጅ ወስዶ ስለማሳደግም «ለምን አታሳድጉም?» የሚልሽ ሰው ካለ፣ ሐሳቡ ቅዱስ ሆኖ ሳለ ለዚህ ሐዘን ማስታገሻ ተብሎ የሚወሰድ ነገር እንዳልሆነ ንገሪው። የሚያድገው ልጅም የማንም ምትክ መሆን አይገባውም። የሚመጣ ከሆነ በራሱ መንገድ ይምጣ።

እስከዚያ አንድ ትንሽ ሥራ ልስጥሽ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ከባለቤትሽ ጋር ስትጸልዩ፣ ስለ ልጅ አትጸልዩ። ስለ እሱ ጸልዪለት፣ እሱም ስለ አንቺ። ስለ ድካምሽ፣ ስለ ሥራው፣ ስለ እንቅልፋችሁ። ቢከብዳችሁ አይግረማችሁ። ስምንት ዓመት በአንድ ርዕስ ስትጸልዩ ኖራችሁ ሌላ ወሬ ሊጠፋችሁ ይችላል።

ስለ ካልሲዋ አልጠየቅሽኝም፤ እኔ ግን ልመልስ። አትጣያት። ለማንም ልጅ አትስጫት። ከባለቤትሽ ጋር በምትነጋገሩበት ቀን፣ ስለ ሐኪም ቤቱ ከነገርሽው በኋላ፣ ወረቀቱን ከማውጣትሽ በፊት፣ መሳቢያውን ክፈችና እጁ ላይ አድርጊለት። ምንም አትበዪው። መቼ እንደገዛሻት እሱ ራሱ ይጠይቅሽ።